ፕላሲዶ ሳይጨርሰው የሄደው አልጋ

«ለአንድ ሰው ነው እኮ!» አለች ሴናይዳ፣ ድስቱን እያማሰለች። በሹክሹክታ መናገሯ ነው፤ የእሷ ሹክሹክታ ግን ማዶ ያለ ፈረስ ያስበረግጋል። «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እኔ ራሴ በጎኔ ካልሆነ አልገባበትም። ሁለት ሰው ከየት መጥቶ!»

አጠገቧ ሽንኩርት የምትከትፈው ሴት እግሯን ረገጠቻት፤ አልገባትም። ኦዱሊያ የዳቦ ትሪዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ምኑ ነው ለአንድ ሰው?»

«ውይ አበልጄ! ድስቱን… ድስቱን ነው ያልኩት። ይሄ ለአንድ ሰው እንጂ ለዚህ ሁሉ ለቀስተኛ የት ይበቃል ብዬ…»

«እና ድስቱ ውስጥ በጎንሽ ልትገቢ ነው?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አቃታቸው። ኦዱሊያም ሳቀች። ባሏ ፕላሲዶ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ማታ ማታ ጎረቤቱ ተሰብስቦ መቁጠሪያ ይደግማል፣ እስከ ዘጠነኛው ማታ። ቀን ደግሞ በቀይ በርበሬ የተሠራው የአሳማ ሥጋና የበቆሎ ንፍሮው ከምድጃ አይወርድም፣ ወሬውም አያልቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰው ለቅሶው ላይ ሳቅ ቢጠፋ ነበር ነውሩ።

ከሳቁ ሥር ግን የሚወጋት ነገር አለ። ስለዚያ አልጋ ሴናይዳ የምትነግራት አዲስ ነገር የለም። ፕላሲዶ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ እሱ ሸለብ ባደረገው ጊዜ ሹልክ ብላ ወጥታ፣ የሽርጧን ማሰሪያ ፈትታ ለክታዋለች። ለአንድ ሰው ነው።

አልጋው የተሠራው ግቢ ውስጥ በቆመው አሮጌ ፎርድ ፒካፕ ላይ ነው። ፎርዱ ረጅም፣ ሰፊ፣ የደረቀ አተር ቀለም ያለው፣ የሾፌሩ በር ከውጭ ካልሆነ የማይከፈት መኪና ነው። ፕላሲዶ አናጢነቱን ለወጣቶች ከተወ በኋላ፣ ለመጫኛው ልክክ የሚል ነጭ ክዳን ከነመስኮቱ ከአንድ አዳኝ አገኘና ገጠመበት። ዝናብ የሚያስገባውን ጠርዝ ደፈነ፤ ጣሪያውን ከውስጥ ምንጣፍ አለበሰው፤ የምድጃ ሣጥን ሠራለት፤ መብራት ዘረጋ። በመጨረሻ አልጋው ላይ ደረሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«አልጋ ነዋ።»

«የማን?»

«እንቅልፍ የመጣበት ሰው።» በመዶሻው ወደ ቤት አመለከታት። ያላለቀ ሥራ ማሳየት ሞቱ ነው።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ውቅያኖስ አጠገብ አንድ ሌሊት ሳልተኛማ አልሞትም» ይል ነበር። ውቅያኖሱን መጀመሪያ የተመኘችው እኮ እሷ ናት፣ ገና ሙሽራ ሳለች! ያኔ «ልጆቹ ይደጉ» አላት። ልጆቹ አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ። እሱ በየዓመቱ ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጋር ተራራ ለአደን ይወጣል፤ እሷ ከዶሮዎቹ ጋር ቤት ትጠብቃለች፤ እሱ ሥጋና ውሸት ጭኖ ይመለሳል። አንድም ቀን «ነይ» ብሏት አያውቅም። እንዲህ እንዳለ የፖም ዛፎቹ ሥር ልቡ ቀጥ አለ። ለቀስተኛው «አይዞሽ፣ ይወድሽ ነበር» ሲላት ኦዱሊያ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በሆዷ ግን «ታዲያ ትቶኝ ሊሄድ ነበር ወይ?» ትላለች። የምትጠይቀው ሰው ደግሞ ከአፈር በታች ነው።

በመንደራቸው በቫዬሲቶ ሟች ጀምሮ የተወውን ሥራ ቋሚ ይጨርስለታል፣ ያውም ከመጨረሻው ጸሎት በፊት። አለዚያ እጁ አያርፍም ይባላል። የጎረቤቷ የኤሎይ አባት ሲሞቱ በጅምር የቀረውን የመስኖ ቦይ ቆፍረው ውሃ አስገብተውላቸዋል። አንዲት አሮጊት ሲሞቱ የጀመሩትን ካልሲ ሴቶቹ ጨርሰውታል፣ የማን እግር እንደሚገባበት እስካሁን ባይታወቅም። የፕላሲዶ ጅምር ደግሞ ፎርዱ ሆነ። ወንዶቹ ይህን ሲሰሙ ሐዘኑ ራሱ ቀለል አለላቸው።

«መጋረጃ ያስፈልገዋል» አለ ኤሎይ፣ ቢራውን የኋላው ስፖንዳ ላይ እያሳረፈ።

«መጋረጃ! ማን እንዳያይ ነው? ድብ?» አለ ፋኩንዶ፣ የፕላሲዶ ታናሽ ወንድም። ራሱን እንደ አናጢ ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ግን ራሱ ብቻ ነው።

«ድቡስ ምን በደለ፣ የአንተን ገላ የሚያየው?»

«ዝም በል። ይቺስ ምንድን ናት?» ከአልጋው ትይዩ፣ ከጎማው ጉብታ በላይ፣ አንዲት ቀጭን ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግድግዳው ላይ ተመታለች። ምንም የተሸከመችው ነገር የለም። ፋኩንዶ አየት አደረጋትና «የቢራ ማስቀመጫ!» ብሎ ፈረደ። ቢራውን አስቀመጠባት። ተገልብጦ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

ስቀው ሳይጨርሱ ኤሎይ ስፖንጅ ፍራሹን ገለጠው። በርብራቡ ጣውላዎች መካከል ክፍተት አለ፣ ትንሿን ጣት የሚያስገባ። ፋኩንዶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እጁ ደክሞ ነበር ለካ!» አለ። «ወይኔ ወንድሜን! ሳይነግረን።»

የፕላሲዶ ሥራ ውሃ አያስገባም፤ ይህ አገር ያወቀው ነው። አንድ ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሞልቶ የእንጨት ሥራ ቤቱን አጥለቀለቀውና፣ አዲስ የሠራው የሬሳ ሣጥን እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ሄዶ ሴናይዳ ደጃፍ ላይ አረፈ። ሴናይዳ ጠዋት በሯን ስትከፍት ባዶ ሣጥን ይጠብቃታል! ተንበርክካ ኃጢአቷን በሙሉ ጮክ ብላ ተናዘዘች። ፕላሲዶ ሣጥኑን ፍለጋ መጥቶ አጥሩ ጥግ ቆሞ ነበርና አንድም ሳይቀረው ሰማ። ሣጥኑ ውስጥ ጠብታ ውሃ አልተገኘም። የሰማውን ደግሞ ለኦዱሊያ እንኳ ትንፍሽ ሳይል ሞተ፤ ለምናው ነበር፣ እምቢ አላት። እንዲህ ያለ ቀልደኛ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ነበር።

ስለዚህ ወንዶቹ ተማከሩ። ሰው አይቶ የፕላሲዶ ስም በክፉ እንዳይነሳ፣ ኦዱሊያም እንዳታዝን፣ ክፍተቱን ሁሉ በቀጫጭን እንጨት ጠቀጠቁት። ፋኩንዶ ለክፉም ለደጉም ኮላ ጨመረበት።

በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጠርተው አሳዩዋት። መጋረጃው ተሰቅሏል፤ ኤሎይ ረትቷል። አልጋው እንደ ገበታ ለስልሷል። ኦዱሊያ ስፖንዳው ላይ ተቀምጣ እጇን አሳረፈችበት፤ ያው ጠባብ ነው።

«እግዜር ይስጣችሁ» አለች። ድምፅዋ ግን ጠፍቷል።

ፋኩንዶ ያ ድምፅ አንጀቱን በላው። «እትዬ ኦዱሊያ፣ እኔ ውሸት አልችልበትም፣ ልናገረው። ክፍተት ነበረው። ደፈንነው። ታሞ ነው እንጂ እሱ እንዲህ አይሠራም ነበር።»

«ክፍተት? ፕላሲዶ?»

«አይዘኑ» አለ ኤሎይ፣ ሊያጽናና ብሎ። «ቢደክመውም ሥራው ሥራ ነው። አንዷን እንጨት ለክቼ ሌሎቹን በእሷ ልክ ነው የቆረጥኩት። ሁሉም ቦታ ልክክ አለች።»

ኦዱሊያ ቀና አለች። «ሁሉም ቦታ?»

«ሁሉም ቦታ።»

«የደከመ እጅ ሁሉንም እኩል ይስታል እንዴ?» ከስፖንዳው ዘላ ወረደች፤ በዚያ ዕድሜዋ መዝለሏ ሁሉንም አስደነገጠ። «ፋኩንዶ፣ አውጣቸው!»

«እትዬ! ኮላው እኮ ደርቋል! ሊሰበር ይችላል!»

«እኔን ነው የሚሰብረኝ። አውጣ አልኩህ!»

መሮ መጣ፣ መዶሻ መጣ። ለጸሎት የሚመጣው ሰው ከየአቅጣጫው ደርሶ ግቢውን ሞላው፤ የምግብ ድስቱን እንደያዘ ፎርዱን ከበበው። ፋኩንዶ በጀርባው ተኝቶ እያላበው እንጨቶቹን አንድ በአንድ ፈለፈለ፤ ያን ያህል ኮላ የጨመረውን ሰው ሲረግም ሰው ሁሉ «እሱማ ደንቆሮ ነው!» እያለ አገዘው። የመጨረሻዋ እንጨት ስትወጣ ኦዱሊያ ወደ ውስጥ ገብታ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ሳበች። ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሳበች። ምንም።

«ጠብቂ!» አለች ሴናይዳ። ለጸሎቱ ያመጣችውን ሻማ ይዛ በስፖንዳው ተንጠላጥላ ገባችና፣ የቻለችበት ክፍተት ውስጥ ሁሉ ሰሙን ፈተገችው። «ይቅር በለኝ አምላኬ፣ ለአንተ የመጣ ነበር። በይ አሁን ሳቢ፣ አበልጄ!»

ኦዱሊያ ሳበች። እንጨቱ ሲጥ አለና መጣ። ርብራቡ አንዱ ጣውላ እየቀረ አንዱ እየተከተላት፣ እንደ ተጣመሩ ጣቶች እየተላቀቀ፣ ጉብታውን አልፎ ማዶ ያለችው ቀጭን ጣውላ ላይ ቁጭ አለ። ልክክ! አልጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ፣ ለሁለት ሰው።

ከዚያ ግቢው ጮኸ። «የቢራ ማስቀመጫ!» ብሎ ኤሎይ ፋኩንዶን በባርኔጣው መታው፤ ፋኩንዶ ይስቅም ያለቅስም ነበር፤ ሴናይዳ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጭኗን ትመታለች። በኦዱሊያ ደረት ደስታው እንደ ትኩስ ሾርባ ወረደ። ሊወስዳት ነበር! ያ ጉረኛ፣ ያ ሆዱ የማይገኝ ሰው፣ ይዟት ሊሄድ ነበር!

«ሂዱ፣ ሻማውን አብሩ፤ መጣሁ» አለች።

ሰዉ እየሳቀ ወደ ቤት ገባ። እሷ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች፣ በተሳበው ግማሽ፣ ጫፉ ላይ፤ ትዳሯን ሙሉ ጫፍ ላይ ነው የተኛችው፣ እሱ እጅና እግሩን እንደ ስጥ ዘርግቶ ስለሚያድር። ከዚያ ባዶውን ጎን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ጠጋ በል እንጂ፣ አንተ!» አለችው።