ስቤ አሳበቀብኝ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። እሱም ያጉረመርማል እንጂ አይመልስልኝም። ስለዚህ ሆስፒታሉ በር ላይ «ለጾም ጥናት ፈቃደኞች እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ዓይኔን ሳላሽ ገብቼ ተመዘገብኩ። ለሁለት ቀን ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም። በምትኩ አልጋ አለ፣ ግራና ቀኝ ሰው አለ፣ ነርሷም እየመጣች «እንዴት ነዎት?» ትላለች። እንዴት ነዎት ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ። ለዚህ ብዬ ብራብ ምን አባቱ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን ሲያስረዳ አይቸኩልም። ሰው ምግብ ሲያቆም ሰውነቱ መጀመሪያ ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ይጨርሳል አለን። እሱ እያለቀ ሲሄድ ስቡን እየፈታ ወደ ደም ይለቃል፤ ጉበት ደግሞ ከስቡ ኬቶን የሚባል ነገር ሠርቶ አንጎልን ያበላል። እነሱ የሚፈልጉት ይህ ለውጥ መቼ እንደሚጀምር ማየት ነው።

«ገባኝ» አልኩት። ዕድሜ ልኬን ሶፋ ሠሪ ነበርኩ። «ጨርቁን ሳይቀዱ ስፖንጁን ከውስጥ መምዘዝ ነው በለኛ።»

በየአልጋው ያሉት ሳቁ። ሰው ማሳቅ እንደምችል ራሱ ረስቼው ነበር። ደስ ከማለቱ የተነሳ ትራሴን ሳስተካክል እንባዬ መጣ።

ነርሷ ከሁላችንም ደም ቀዳች። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ እኔ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ጾሙን ከቤትዎ ጀምረው ነው እንዴ የመጡት?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ኬቶንዎ ከወዲሁ ከፍ ብሏል። ሌሎቹ ነገ የሚደርሱበት ቦታ እርስዎ ዛሬ ደርሰዋል። ማታ እንደ ወትሮዎ ይብሉ ብለንዎት ነበር።»

ደሜ ፈላ። «እኔ አጭበርባሪ አይደለሁም። እንደ ወትሮዎ ይብሉ አላችሁኝ፣ እንደ ወትሮዬ በላሁ።»

«ምን በሉ?» አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነገርኳቸው። ሻይ ጠጥቻለሁ። ከዚያ በፊትስ? ሻይ። ሁለት ሳህን አውጥቼ ነበር፤ እጄ ለምዶበት ነው። አንዱን መለስኩ፣ ቀጥሎ ሌላውንም መለስኩ። በላሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ የበላሁ ነበር የመሰለኝ።

ነርሷ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

«በዚህ ዙር ልናስገባዎት አንችልም» አለኝ። «ሌላ ዙር አለ። በደንብ እየበሉ ይቆዩና ያኔ ይምጡ።»

«እዚሁ ቁጭ ብዬ ባይስ? አላስቸግርም እኮ።»

«አልጋው ለሌላ ሰው ነው፣ አባባ።»

ነርሷ ሾርባ አምጥታ አብራኝ ልትቀመጥ ስትል ከወዲያ አልጋ ተጠራች። ሾርባውን ጨርሼ ጫማዬን አሰርኩ። ያሳቅኳቸው ሰዎች «አይዞዎት» አሉኝ፤ ወዲያው ወደ ወሬያቸው ተመለሱ።

እቤት ስገባ እንቁላል ጠበስኩ። ሳህን አንድ ብቻ አወጣሁ። በውሃ እያወራረድኩ ዋጥኩት። ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ሲጀምር «ዝም በል፣ እየበላሁ ነው» አልኩት።

በሚቀጥለው ዙር ሰው መሃል እንድራብ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳህኑን ጠርጌ በላሁ።