ሦስተኛው ምላጭ

ቁጡ ነሽ ይሉኛል። እውነት ነው። በዚያ ሳምንት ግን ቁጣዬ የት ሄዶ እንደ ነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ነገሩ በ1975 ነው። ደሴ ያለው የእንጨት ሠሪዎች ማኅበራችን ኮምቦልቻ ካለ የተወረሰ ግምጃ ቤት አንድ የሞተር መጋዝ ደረሰው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ከላይና ከታች ሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች አሉት፤ በሁለቱ ላይ ጥርስ ያለው ቀጭን ብረት እንደ ቀበቶ ይዞራል። ያንን ብረት ምላጭ እንለዋለን። ከመጋዙ ጋር የመጡት ምላጮች ሦስት ብቻ ነበሩ። አሠራሩን እንድለምድ ማኅበሩ ሦስት ሳምንት ኮምቦልቻ ልኮኝ ስለ ነበር መረከቢያው ላይ የፈረምኩት እኔ ሸሪፋ ነኝ።

የሁላችንም መምህር ግን ጋሼ እንድሪስ ናቸው። የኩታበር ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት በእጅ መጋዝ ግንድ ሰንጥቀዋል። የእሳቸው መጋዝ ምላጩ በተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራል፤ ሲነኩት እንደ ክራር ካልጮኸ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። እኛንም ያስተማሩን እንዲህ ነው። አዲሱንም ሊያጠብቁት የፈለጉት እንዲሁ ነው። መወጠሪያውን ጨብጠው አዞሩ፣ አዞሩ፤ ምላጩን በጣታቸው ነኩት። "ገና ነው" አሉና ደግመው አዞሩ። ሞተሩ እንደ ተነሣ ምላጩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

"ብረቱ አሮጌ ነው" አሉ።

መጥበቁ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ኮምቦልቻ አይቻለሁ። ግን ታላቅን በሰው ፊት ተሳስተዋል ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝም አልኩ። በማግስቱ ሁለተኛውንም እንዲያው አጠበቁት፤ አሁንም ዝም አልኩ። እሱም ተበጠሰ።

ሊቀ መንበራችን ጓድ በላቸው መጥቶ ቁርጥራጩን አነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው፤ የፈሪ ክፋት ደግሞ አይጣል ነው። "ሦስተኛው ከተበጠሰ አሻጥር ነው" አለ። "ሪፖርቱ የሚሄደው በፈራሚዋ ስም ነው።"

አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። የአራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ፈራሁ። ወዲያው ግን ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም በራሴ ነው።

ጋሼ እንድሪስ ሦስተኛውን ምላጭ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ እጄን ላዩ ላይ አደረግሁ።

"ጋሼ፣ አይንኩት።"

"ምን አልሽ?"

"አፉ ይበሉኝ ጋሼ። ሁለቱን የበጠሰው መጥበቁ ነው። ይሄ እንደ እጅ መጋዝ አይደለም። እኔ ልሥራው።"

መላጊያ የያዙት ሁሉ እጃቸውን አቆሙ። የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

"ወላሂ፣ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ!"

"አዎ፣ እርስዎ ነዎት" አልኩ። እጄን ግን አላነሣሁም። ጋሼ ወደ ግድግዳው ሄደው ቆሙ።

የሞተሩን ማጥፊያ ደግሜ አየሁና ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ምላጩን ጥርሱ ወደ ታች እንዲያይ አድርጌ በሁለቱ መንኮራኩሮች ላይ አጠለቅሁት። መወጠሪያውን ጥቂት በጥቂት አዞርኩ፤ በጣቴ ስገፋው ትንሽ እሺ ሲለኝ አቆምኩ። ከዚያ የላይኛውን መንኮራኩር በእጄ አሽከረከርኩ። ምላጩ ወደ ጠርዙ ሸሸ። ከጀርባ ያለችውን፣ መንኮራኩሩን የምታዘነብለውን ብሎን ሩብ ዙር አዞርኩ፤ አሁንም ሸሸ። ደገምኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"አይሆንም፣ ተይው" አለ በላቸው።

"ዝም በል ጓድ!" አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ እሱም ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

በስድስተኛው ሙከራ ምላጩ መሀል ላይ ረጋ። ግራና ቀኝ የሚደግፉትን ብረቶች አንድ የደብተር ወረቀት የምታልፍበት ክፍተት ትቼ አሰርኳቸው። ሞተሩን አስነሥቼ ወደ ጎን ቆምኩ። ምላጩ ዞረ፤ አልተበጠሰም። የጥድ ጣውላ ገፋሁ፤ ሰጋቱራው እግሬ ላይ ፈሰሰ፣ ጣውላው ለሁለት ተከፈለ። ሰዎቹ እየጮኹ አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍረኛል!

ሞተሩን ሳጠፋ በላቸው ወረቀቱን አወጣ። "ይሄስ ደግ ነው። የሁለቱ ምላጮች ጉዳት ግን ሪፖርት መደረግ አለበት። በማን ስም ልጻፍ?"

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጋሼ እንድሪስ ከግድግዳው ተላቀው መጡ።

"በኔ ጻፍ። ልጅቱ እጇንም አላሳረፈችበት።"

ዳንኩ ማለት ነው። ዝም ብል የሚወቅሰኝ አልነበረም።

"የመጀመሪያውን በጋሼ ጻፍ፤ ባለማወቅ ነው" አልኩ። "ሁለተኛውን በኔ ጻፍ። እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።"

በላቸው ሁለታችንን እያፈራረቀ አየን። ከዚያ ጻፈ።

ጋሼ እንድሪስ ሌላ ጣውላ አነሡና መጋዙ ላይ አስቀመጡት፤ ዞረው በወዲያ በኩል ጫፉን ሊቀበሉ ቆሙ።

"አስነሺው" አሉኝ። "ግፊ።"