ማክስና ታያለህ

ጌትነት አምስት ጥያቄዎችን በደብተር ወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ቤቴ መጣ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከመሆኑ በፊት ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ሲያነጋግረኝ «ቲቸር» ይለኛል። የእናቴን ወንበር ትቶ በርጩማውን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

«ሁለቱም ውሾች ትልልቅ፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው» አለ። «አሁን የቀረን የእርስዎን ኑሮ ማየት ነው።»

ውሻ ያስፈለገኝ በግንቦት ወር አንድ ሰው የጓሮውን አጥር ቆርጦ ገብቶ፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን የእናቴን ጋቢ ስለወሰደ ነው። ሌላ ምንም አልነካም። ጋቢው እሷ በታኅሣሥ ከሞተች ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ስለቆየ ጥቂት ፀሐይ ይምታው ብዬ ነበር ያሰጣሁት። ቤታችን በንፋስ መውጫ ከተማ ዳር፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ከእኛ በኋላ ያለው የገብስ ማሳ ብቻ ነው።

ሁለቱን ውሾች ጌትነት ከመምጣቱ በፊት ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ማክስ ጀርመን ሼፐርድ ነው። በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ፣ በአርባ ሠራተኞች መካከል አደገ፤ ካምፑ ሊዘጋ ስለሆነ ዋለ የሚባለው ዘበኛ የሚወስደው ሰው ይፈልግለት ነበር። ገና ስገባ ጅራቱን እየወዘወዘ መጥቶ ከባድ ራሱን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ሌላኛው በጉና ተራራ ግርጌ የሚኖሩት የአቶ ቢሻው በግ ጠባቂ ነው፤ ሰው «የደጋ ውሻ» የሚለው ዓይነት፣ ጠጕሩ እንደ ባና ብርድ ልብስ የተደረበ፣ አንገተ ወፍራም። አቶ ቢሻው ዕድሜያቸው ስለገፋ በጎቹን ለልጃቸው ሊያስረክቡ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ የራሱ ውሾች አሉት።

«ስሙ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ታያለህ።»

«እንዴት ያለ ስም ነው?»

«ጎረቤቴ ወሰን የገፋኝ ዓመት የተወለደ ነው። እንዲሰማኝ ብዬ ጧት ማታ ‹ታያለህ! ታያለህ!› እያልሁ ውሻውን ስጠራ ከረምሁ። ሰውየው ወሰኑን መለሰ፤ ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ።»

ታያለህ ለእኔ አልተነሣም። ጀርባውን ሰጥቶኝ በጎቹን ያይ ነበር። ልሄድ ስል ብቻ አንገቱን አዙሮ ረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ ነገር ግን የባዮሎጂ መምህርት ልቧን እንደ ማስረጃ አታቀርብም።

ጌትነት የግቢውን ስፋት ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ከቤት ውጭ ስንት ሰዓት እንደምውል ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ምን እንደማበላው ጠየቀኝ፤ እሱንም ነገርሁት።

«አራተኛ፤ በሳምንት ስንት ሰው ወደዚህ ቤት ይመጣል? ግምት ቢሆንም ችግር የለም።»

በቤተ ሙከራ ውስጥ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላቸው አንድ ነገር ነበር፦ ያያችሁትን ጻፉ፤ እንዲሆን የፈለጋችሁትን አትጻፉ። ጌትነትም ከሰሙት አንዱ ነው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ጠበቀኝ።

«ሰው መቼ ይጠፋል» አልሁ። «ጎረቤት አለ፤ መምህራን አሉ። የእናቴ የጽዋ ማኅበርተኞችም አሉ።»

የማኅበሩ ተራ እናቴ ስትሞት ከቤታችን ወጥቶ ነበር። መምህራኑ እስከ አርባዋ ድረስ መጥተዋል። ጎረቤቶቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት ነሽ? በርታ በይ» ይሉኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ።

ጌትነት «ብዙ እንግዳ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። አምስተኛውን ሳይጠይቀኝ ወረቀቱን አጠፈ።

«እንግዲህ አለቀ፤ ማክስ ነው። ታያለህ ለዚህ ቤት አይሆንም፤ ሰው አያስገባም። አንድ ቀን ማኅበርተኛ ነክሶ ከሰው ያጣላዎታል።»

«እውነትህን ነው» አልሁ፤ «ከሰው መጣላት ጥሩ አይደለም።»

ማክስ በሰኔ መጀመሪያ መጣ። በቀኑ አጋማሽ ግቢውን አሽትቶ ጨረሰ፤ ከዚያም ከቆርቆሮው በር ሥር ተኝቶ ጆሮዎቹን ወደ መንገዱ አቆመ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይነሣል፤ ድምፁ ሲርቅ መልሶ ይተኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በደስታ ይቀበለኝና ወዲያው በእኔ አልፎ ወደ ኋላዬ ያያል፤ ማን እንደተከተለኝ ለማወቅ። ማንም እንዳልተከተለኝ እስኪያረጋግጥ ድረስ በሩን መዝጋት ይከብደኝ ነበር።

በእኛ አገር እንግዳ ደጅ ሲደርስ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብሎ ይጣራል። እናቴ በሕይወት ሳለች ውሻ አልነበረንም፤ ሰው ግን እንደ ልማዱ ይጣራ ነበር፤ እሷም ከጓዳ «ይዘናል፤ ግቡ!» ትል ነበር። ውሻ ካመጣሁ በኋላ ይህን ጥሪ መጠበቄን ለማንም አልተናገርሁም። አንድ ቀን ውስጥ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ማክስን ዳብሶ፣ ቁጥሩን መዝግቦ ሄደ። አልተጣራም። መምጣቱን ያወቅሁት ጭቃው ላይ በቀረው የጫማ ምልክት ነው። ማክስ ምልክቱን ሲያሸት አመሸ።

በሐምሌ እህል መብላት አቆመ። ሥጋ ቀቀልሁለት፤ ወተት ሰጠሁት፤ አሽትቶ ወደ በሩ ተመለሰ። ጎኑ ሲታጠፍ፣ የጎድን አጥንቱ ሲቆጠር ጌትነትን ጠራሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በረንዳ ላይ ተንበርክኮ መረመረው።

«ትኩሳት የለውም። ድዱ ደህና ነው። ትላትልም ቢሆን እንዲህ አያደርገውም።» ትንሽ አሰበ። «ይህ ውሻ ሰው ካላየ አይሆንለትም። እዚህ ደግሞ ሰው ይበዛል ብዬ ነው የመረጥሁልዎ። ባለፈው ሳምንት ማን መጥቶ ነበር?»

አንድ ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የሚታመን ስም ነው፤ ጌትነትም አይመረምረውም ነበር። ነገር ግን ማክስ አገጩን መሬት ላይ አሳርፎ ዐይኑን ወደ እኔ አነሣ፤ ስሙን ዋጥሁት።

«ማንም» አልሁ።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከእናቴ አርባ ወዲህ እዚህ ቤት ገብቶ የተቀመጠው ሰው አንተ ብቻ ነህ። ጥያቄ ይዘህ የመጣህ ጊዜ አንድ፣ ዛሬ ሁለት።»

ጌትነት ቀና ብሎ አላየኝም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከቦርሳው ያንን ወረቀት አወጣና «ብዙ እንግዳ» የሚለውን ሰረዘው።

«ምን ልጻፍ?»

«ዜሮ በል።»

«በዜሮ ይታፈራል እንዴ፣ ቲቸር? ዜሮም እንደማንኛውም ቁጥር ነው ብለው አላስተማሩኝም?»

«እሱ የሒሳብ መምህርህ ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ድምፁ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ማክስ ሳቃችንን ሰምቶ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራቱን መሬት ላይ መታ።

የጌትነት እኅት ሰብለ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ምግብ ቤት አላት። በገበያው ቀን ማክስን በሚኒባስ ይዘነው ሄድን። ገበሬው አህያውን አስሮ የሚገባበት፣ አግዳሚ ወንበሩ ሰው የማይለየው ቤት ነው። ሰብለ በሩ ላይ ቆማ «ምነው እንዲህ ከሳ? ጾም አስያዛችሁት እንዴ?» አለችን። ማክስ አልፏት ገባ፤ ጥቂት ሳይቆይ የማያውቃቸው ሽማግሌ ጉልበት ላይ ራሱን አሳርፎ ከእጃቸው ይጎርስ ነበር። ልንሄድ ስንነሣ ቀና ብሎ አላየኝም። ልጠራው እችል ነበር። አልጠራሁትም።

አቶ ቢሻው ታያለህን በነሐሴ አጋማሽ፣ በገመድ እየሳቡ በእግራቸው አመጡት።

«ሦስት ቀን ከእጅሽ ብቻ ይብላ፣ ልጄ። ካንቺ በቀር ማንም እንዳያጎርሰው።»

«የሚያጎርሰው ሌላ ሰው የለም፣ አባቴ።»

በሩ ክፍት ነበርና ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ አንዱን ሰሐን፣ የእናቴን ባዶ ወንበር አዩ።

«እንግዲያማ ተገናኝታችኋል» አሉ። «ቤት ግባ ብለሽ አትለማመጪው። ንፋሱን ለምዷል፤ እሱ ከውጭ፣ አንቺ ከውስጥ ሆናችሁ ትተዋወቃላችሁ።»

እንዳሉትም ሆነ። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ከተኛበት ተነሥቶ ቆመ፤ ጅራቱን አላወዛወዘም። እኔን አየ፤ ከኋላዬ ግን አላየም። በሩን ያለ ችግር ዘጋሁ።

በመስከረም፣ የትምህርት እቅዴን ስጽፍ ግቢው በታያለህ ጩኸት ተናወጠ። የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

«ቤቶች! ውሻ ያዙ! ኧረ ውሻ ያዙ!»

ወረቀቶቼ ወለሉ ላይ ወደቁ። ወጥቼ የታያለህን አንገት በሁለት እጄ አቀፍሁ። «ይዤዋለሁ፤ ይግቡ!»

የቆጣሪ አንባቢው ግድግዳውን ተጠግቶ ገባ። «ይህ ደግሞ ከየት መጣ? ያ ደጉስ የት ሄደ?»

«ሰው ወዳለበት ሄደ።»

ዐይኑን ከውሻው ሳይነቅል ቁጥሩን መዘገበ።

«ጥቂት አረፍ ይበሉ» አልሁት። «ሻይ ተጥዷል።»

«ሌላ ጊዜ፣ መምህርት። ገና ዐሥራ ሁለት ቤት ይቀረኛል።»

«ለጥቅምት ይመጣሉ?»

«መምጣቱንማ እመጣለሁ። ብቻ እኔ ስጣራ እርስዎ ቤት ይኑሩልኝ!»

በሩን ከውጭ ስቦ ዘጋው። ታያለህ ማጉረምረሙን ቀስ በቀስ ተወ። የሰውየው እርምጃ በንፋሱ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥን፤ ከጠፋም በኋላ እጄን ከሞቀው አንገቱ ላይ ወዲያው አላነሣሁም።