የእትዬ ጥሩሸዋ ባና እስኪከፈት

አስካለ ማርያም ስልክ ሲጮኽ ቀድሞ የሚመጣባት የሰው ሞት ነው። ሰኞ ጠዋት የልጇ ስልክ ሲጮኽም ነጠላዋን ፍለጋ ተነሥታ ነበር። ሞት አልነበረም። ለእሷ ግን ከዚያ ብዙም አልተሻለም።

የደወለችው ሐና የምትባል ሴት ናት፤ የእጅ ሥራ ወደ ውጭ ለሚልክ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ፎቶ አንሺ ትፈልጋለች። “ድረ ገጽሽን ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ አንዱ ፎቶ ሳይጨርስ ሻያችን ቀዘቀዘ” አለች። “ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ቁጭ ብለን እንመርጣለን። ያን ቀንም ካልተከፈተ የሌሎቹን አይተን እንወስናለን።”

ልጇ የምሥራች ስልኩን ዘግታ ላፕቶፑን አመጣች። እናቷን አልወቀሰችም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

የምሥራች አዲስ አበባ ተምራ ሞላሌ ከተመለሰች ወዲህ እንደ እትዬ ጥሩሸዋ ያሉትን ፈታዮችና ሸማኔዎቹን፣ ከበግ ጸጉር የሚሠራውን ወፍራም ባናና በርኖሱን ፎቶ ስታነሣ ከርማ፣ ሃያ አራቱን መርጣ ሥራዋን የምታሳይበት ድረ ገጽ አበጀች። ፎቶዎቹን አሳንሳ ልትጭን ስትል እናቷ ደነገጠች። “የሰው ሥራ ልታሳንሺ? እትዬ ጥሩሸዋ ‘ባናዬን ማቅ አስመሰሉት’ ብለው ቢቀየሙንስ? በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?” ልጅቷም እሺ ብላ ከካሜራው እንደወጡ፣ ከነክብደታቸው ጫነቻቸው።

ገጹ እንደሚዘገይ አስካለ ማርያም ያኔም አይታ ነበር። እስኪከፈት በልቧ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግም፣ የእትዬ ጥሩሸዋ ባና ታች ድረስ እስኪታይ አሥራ አንድ ጊዜ አድርሳለች። ጸሎት አይበዛም ብላ ተወችው።

“እንጀራሽን ዘጋሁብሽ” አለች አሁን።

“አልተዘጋም እማዬ። ማሳነስ ነው፤ አንቺ ከፈቀድሽ።” የምሥራች ላፕቶፑን ከፈተች። “ይሄ ፎቶ ወርዱ ስድስት ሺህ ነጥብ ነው። የሰው ኮምፒዩተር የሚያሳየው አንድ ሺህ ምናምኑን ብቻ ነው።”

“የቀረውስ?”

“አይታይም። ግን ተጭኖ ይመጣል።”

አስካለ ማርያም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች ወዲህ ሃያ ዓመት የበግ ጸጉር ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ገበሬ ጸጉሩን ከነአሜከላው ጭኖ ሲመጣባት ‘አሜከላውን ለማን ተሸከምክልኝ?’ የምትለውን አስታወሰች። “ለካ እኔም ከነአሜከላው ነው ያስጫንኩሽ” አለች። “በይ ንደፊው። ግን ተጠንቀቂ። የመንደፊያው ደጋን ሲበዛበት ጸጉሩ ይሰባበራል፤ ፈትል አይሆንም።”

የምሥራች ወርዱን ቀነሰች። ቀጥላም የጥራቱን ቁጥር ከመቶ ወደ ሠላሳ አወረደችው። ፎቶው እንደ ገለባ ቀለለ። “በቃ እዚህ ይሁን፤ ጊዜ የለንም።”

“ቆይ!” እናቷ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ቀረበች። “ይሄ ባና ነው? ጭቃ ነው እንጂ። ፈትሉ የታል?”

“ማንም አያየውም እማዬ።”

“እኔስ አየሁት አይደል? የሚገዛው ሰው ዓይን የለውም?”

አርባ አደረገችው። “አሁንም ሞቷል።” ሃምሳ። “ተነፈሰ።” ስልሳ። “እህ! እዚህ ላይ ፈትሉ ብድግ ብድግ ሲል ይታያል።” ሰባና ሰማንያም ታዩ። “ይሄ ለዓይን የሚጨምረው የለም፤ ሸክም ነው። ስልሳ ላይ አቁሚው።”

ጥቁሩ በርኖስ ግን በስልሳ እምቢ አለ። ጥላው ላይ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ተቆራረጠ። ያየችው እናትየዋ ናት። “ጥቁር ጸጉር እንደ ነጩ አይነደፍም” አለች። ሰባ አምስት ላይ አቆሙት። የምሥራች ዞር ብላ አየቻት፤ “ሦስት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ዓይን አላጋጠመኝም።”

“ወሬሽን ትተሽ ሥሪ። መብራት ሊጠፋ ነው።”

መብራት አልጠፋም። ማክሰኞ ቀትር ላይ ሃያ አራቱም አለቁ፤ ስድስት ሜጋ ባይት የነበረው ፎቶ ሁለት መቶ ኪሎ ባይት ገደማ ሆነ። የምሥራች የታችኞቹን ፎቶዎች ተመልካቹ ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲመጡ አደረገች። “ደግ አደረግሽ” አለች እናቷ። “ለእንግዳ ወጡ ሁሉ ባንዴ አይጨለፍም።”

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ጥሩሸዋ የፈተሉትን ሊያስረክቡ መጡ። “አሳነሳችሁኝ አሉ?” አሉ ገና ከደጅ።

የአስካለ ማርያም ፊት አመድ መሰለ። “ማን ነገረዎት?”

“ሞላሌ ላይ ምን ይደበቃል?”

የምሥራች ገጹን በስልኳ ከፍታ ሰጠቻቸው። ኔትወርኩ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ...

“ይኸው እጄ! ይኸው ባናዬ!” አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

አስካለ ማርያም ገና ትምጻእ መንግሥትከ ላይ እንኳ አልደረሰችም። ዓይኗን ስትገልጥ አሮጊቷ ስልኩን አርቀው፣ መልሰው አቅርበው ያያሉ። “ይቺን ቋጠሮ አየሻት? የልጅ ልጄ ስታስቸግረኝ የተበጠሰብኝ ናት። ምነው፣ ይቺን እንኳ ብትደብቁልኝ?”

“አልተቀየሙንም?”

“ለምን እቀየማለሁ? ካሳነሳችሁኝ ቋጠሮዬ በምን ታየ?”

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባትም አለፈ። አስካለ ማርያም ልጇ እንዳልተመረጠች እርግጠኛ ሆና የምታጽናናበትን ቃል ስታሰናዳ ስልኩ ጮኸ። የሐና ድምፅ ውጭ ድረስ ይሰማል። “ገና ወንበር ሳልስብ ተከፈተ! የሌሎቹ ቀሏል፣ ግን ሱፉ ሱፍ አይመስልም። ያንቺ ግን ንኩኝ ንኩኝ ይላል። ማን አቀለለልሽ?”

“ቁጥሩን የመረጠችው እናቴ ናት።”

“የኮምፒዩተር ባለሙያ ናቸው?”

“የበግ ጸጉር ነጋዴ ናት።”

ሐና ሳቀች። “ሰላም በይልኝ። አንቺን መርጠናል፤ ከሰኞ በኋላ ባለው ሰኞ አዲስ አበባ መጥተሽ ሥራ ትጀምሪያለሽ።”

አስካለ ማርያም እልል አላለችም። መንገዱ ገደል መሆኑን፣ የአውቶቡስ ፍሬን እንደማይታመን፣ አዲስ አበባ ሌባ መብዛቱን ተናግራ ስትጨርስ ወደ እትዬ ጥሩሸዋ ዞረች።

“እትዬ፣ ስልሳ ላይ አቁሚው ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።”

“ሰምተናል። ዛሬ ስትነግሪን ይሄ ሦስተኛሽ ነው።”

“በርኖሱን ደግሞ ሰባ አምስት” አለች አስካለ ማርያም፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።