እኛ ቤት «ች» የለም

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ጥር አጋማሽ፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አሶሳ ላይ ሙቀቱ 21.4 ዲግሪ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ቀላል፣ ዝናብ ዜሮ። ግቢያችን ውስጥ ያለው ጥቁሩ የውሃ ሮቶ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶታል፤ የሰፈሩ ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቷል። እኔ ይልቃል እባላለሁ፤ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሠራተኛ፣ የሦስት መጽሐፍ ደራሲም ነኝ። ደራሲ ያልኩት ራሴ ነኝ። መጽሐፎቹ የወጡት በቴሌግራም ቻናሌ ነው፤ የጻፍኳቸው፣ ያረምኳቸው፣ በድምፄ ያነበብኳቸው፣ በሌላ ስም ያደነቅኳቸውም እኔው ነኝ።

ተከታታዩ «ከቆርቆሮው በላይ» ይባላል። ጫካው ሲመነጠር መኖሪያ ያጡ ጂኒዎች አሶሳ ገብተው የከተማ ሥራ ይይዛሉ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ አንዷ የኔትወርክ ማማ ላይ ተቀምጣ የሰው ወሬ ትጠልፋለች፤ ቤዚ የምትባል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ደግሞ እያሳደደች መታወቂያ ታወጣላቸዋለች። ቤዚ ላይ ብዙ ደክሜያለሁ። ያለፈ ታሪክ ሰጠኋት፣ የተሰበረ ልብ ሰጠኋት፣ የቆዳ ጃኬት ሰጠኋት። አንባቢዎቼ ግን የወደዱት ሙርሳልን ነው። ሙርሳል ሮቶ ውስጥ የሚኖር፣ አንድ ጥርሱ ወርቅ የሆነ፣ ውሃ የሚቀዳውን ሁሉ የሚሳደብ ሽማግሌ ጂኒ ነው። የጻፍኩት ሩዝ እስኪበስልልኝ ነበር።

«የሙርሳልን ለብቻው ጻፍልን» ይሉኛል። ስለ ጃኬቱ የጠየቀኝ የለም።

ስለዚህ ከዋናዎቹ መጽሐፎች ጎን የሚቆም አንድ አጭር ታሪክ ለመጻፍ ተነሳሁ። እንዲህ ያለ የጎን ታሪክ ክብደት የሚኖረው ሰው ሲሞትበት ነው የሚል የራሴ ንድፈ ሐሳብ ነበረኝ። ማስታወቂያም ለጠፍኩ፦ «አርብ ከሰዓት፦ ሙርሳል የሞተበት ቀን»።

ሙርሳልን ከየት እንዳገኘሁት መናገር አለብኝ። አከራዬ ሀምዲያ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ዕቃ እያመጣች ገበያ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። ልጇም «እሱ» ነው፣ ፍየሏም «እሱ» ነው፣ እናቷም «እሱ» ነበር። ይህን በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አስተውያለሁ፤ ማስተዋል ሙያዬ ነውና። አንድ ቀን ሮቶው ለምን እንደሚቆለፍ ጠየቅኳት።

«የኔ ትልቁ ነው» አለችኝ። «እሱ ጂኒ ነው። ኩርሙክ ሄደ፣ ሮቶ ግን አልተወም። እዚያ ሆኖ ውሃ ስንት እንደቀረ ያውቃል። ጥርሱ ወርቅ ነው። ሰው ብዙ ሲቀዳ ይሰድባል፣ ‹ቤት ለሰው አከራየህ ወይስ ለግመል?› ይላል።»

እኔም የሰማሁትን አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ወሰድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ውሃ የምቀዳው በትንሽ ጆግ ነበር።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከኩርሙክ የመጣ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። አቧራ የለበሰች ትልቅ ሴት ወርዳ፣ ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ፣ በቀጥታ ወደ ሮቶው ሄደች። በግራ እጇ ጡጫ መታችውና ድምፁን አዳመጠች።

«አንድ ስንዝር! ሀምዲያ! ቤት ለሰው አከራየህ ወይስ ለግመል?»

የያዝኩት ጆግ ከእጄ ወደቀ።

«ይልቃል፣ ና» አለች ሀምዲያ ከቤት እየወጣች። «ይሄ የኔ ትልቁ ነው። ኢቲዳል። ግቢው የሱ ነው።»

«ጂኒው?» አልኩ። ከአፌ አመለጠ።

«እና! ጂኒ አይደለም? እየው እንጂ!»

እኛ አገርም ቀልጣፋና ቁጡ ሰው «ጂኒ ነው» ይባላል። እኔን ራሴን እናቴ እንደዚያ ስትለኝ ነው ያደግሁት። ሦስት መጽሐፍ ስጽፍ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም።

ኢቲዳል ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተ ነህ በስልክ የምታወራው? ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህ ወፍራም ነበር። ሰውየው እንደዚህ ቀጭን ነው?»

«ቀረጻው ላይ ትንሽ አስተካክለዋለሁ።»

«ኩርሙክ ሾፌር ሁሉ አንተን ይከፍታል። ሴቶቹ መጀመሪያ ቀን አወቁ። ‹ኢቲዳል በቴሌግራም ወጣ!› አሉ። እኔ ሳቅኩ። ጥሩ ነው፣ ይሳቁ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ሙርሳል ጥርሱ ወለቀ አልክ።» አፏን ከፍታ አሳየችኝ። የወርቅ ጥርሱ ቦታ ባዶ ነበር። «በሦስተኛው ጉልበቱን አመመው አልክ።» ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ በጨርቅ የታሰረ ጉልበቷን አሳየችኝ። «አሁን ደግሞ አርብ ይሞታል አልክ።»

ሳቋን ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም። እጇን ሻንጣው ላይ አሳርፋ፣ ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። ይህች ሴት በዚያ መንገድ ያን ሁሉ አቧራ በልታ የመጣችው እንዳልገድላት ልትለምነኝ ነው።

እኔም እንደ ሠለጠነ ሰው በማስረጃ መለስኩላት።

«እትዬ ኢቲዳል፣ ሁለት ጊዜ መግጠም ማለት ምንም ማለት አይደለም። እኛ ስለ አንድ ቦታ አየር ንብረት ለመናገር የሠላሳ ዓመት መረጃ እንጠይቃለን።»

«እኔ እስከ አርብ ነው ያለኝ።»

«ደግሞም ሙርሳል ወንድ ነው፣ እርስዎ ሴት ነዎት። ጽሑፉ ‹ሞተ› ነው የሚለው። ስለ እርስዎ ቢሆን ‹ሞተች› ይል ነበር። በመካከሉ ‹ች› አለ።»

ኢቲዳል ወደ እህቷ ዞረች። «ሀምዲያ፣ እናታችን ምን ሆነ?»

«ሞተ፣ አላህ ይርሐመው።»

«አክስታችንስ?»

«ሞተ።»

«ሰማህ?» አለችኝ። «እኛ ቤት ሴትም ሞተ፣ ወንድም ሞተ። ‹ች› የለም እኛ ቤት። መልአኩ ወደዚህ ግቢ ሲመጣ ያንተን አማርኛ ነው የሚሰማ ወይስ የኛን?»

የወደቀውን ጆግ አነሳሁ።

«እሺ ይታመም ብቻ» አልኩ።

«አንተ ታመም!»

ሐሙስ ከሰዓት ክፍሌን ዘግቼ፣ ብርድ ልብስ ራሴ ላይ ተከናንቤ (ስቱዲዮዬ ነው) ታሪኩን ልቀርጽ ተቀመጥኩ። መስኮቴ ሥር ሮቶው አለ። እዚያ ጥላ ውስጥ እህትማማቾቹ ተቀምጠዋል።

«ትልቁን ድስት አንተ ውሰድ» ትላለች ኢቲዳል። «ብረት ምጣዱን ለልጅህ ስጠው። አሁን ውሃው እንኳን አይበቃም። ሬሳ ማጠቢያ ከየት ታመጣለህ?»

«ተው» አለች ሀምዲያ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ሀምዲያ ቀስ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ደረስኩ። «ሙርሳልም በዚያች ጠዋት» ብዬ አነበብኩ፣ ቀጣዩ ቃል ግን አልወጣ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩ። አሁንም አልወጣም። የሠላሳ ዓመት መረጃ የሚጠይቀው ሰውዬ ብርድ ልብስ ሥር በላብ ተጠምቆ፣ አንዲት ሁለት ፊደል ቃል ፈርቶ ተቀምጧል። ተከናንቤ እንደነበርኩ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«አይሞትም» አልኩ።

ኢቲዳል ብርድ ልብሱን እያየች፣ «ይሄ የሞተው ራሱ መሰለኝ» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሀምዲያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ኢቲዳል እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ኸላስ፣ በቃ። አሁን ጻፍ። ጥርሱ ይመለስ።»

«ጥርስ አይመለስም። አንባቢ አያምነኝም።»

«እሺ፣ ሴት አድርገው።»

እዚያው ተቀምጬ ሙርሳልን ሴት አደረግኳት፤ ግስ በግስ እያረምኩ «ች» ስጨምር አመሸሁ። ሳነብላት ጆሮዋን አዘንብላ ሰማችና፣ «ምን ለወጥክ? አንድ ነው» አለችኝ።

«መጨረሻው ግን ባዶ ሆነ» አልኩ። «ካልሞተች ምን ትሁን?»

«ሮቶ ይሙላ። ዝናብ ይምጣ፣ ጣሪያውን ይምታ፣ ይሙላ።»

«ይሄን እንኳን አልችልም። ጥር ላይ አሶሳ አይዘንብም። ሥራዬ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ያነቡኛል።»

«ጂኒ ሮቶ ውስጥ ይኖራል፣ እሺ። ጥር ላይ ዝናብ ግን የለም?»

ጻፍኩ። ክብሬን ለማትረፍ ያህል ግን ሒሳቡን ሠራሁ። የጣሪያችንን ስፋት ለካሁ፤ በአሸንዳው የሚፈሰውንና የሚባክነውን ቀነስኩ። ሮቶው አፍ እስከ ገደፉ እንዲሞላ 18.5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ታሪኩ ውስጥ አላስገባሁትም። «ዘነበ፤ ሞላ» ብቻ አልኩ።

አርብ ከሰዓት ለቀቅኩት። አንባቢዎቼ እንደ ጠበቅኩት አልሆኑም። አንዱ «ሙርሳል መቼ ነው ሴት የሆነው?» አለ። ሌላው «ማንም ካልሞተ ለምን ጠራኸን?» አለ። ባምባሲ ያለ የሥራ ባልደረባዬ ገቢሳ፣ «ጥር ላይ ዝናብ? አንተ እኮ መለኪያውን የምታነበው ሰው ነህ» ብሎ የሚስቅ ምስል ጨመረበት። የቻናሉ ተከታዮች እየቀነሱ ሄዱ። ኢቲዳል ግን ቅጂውን ኩርሙክ ላሉ ሾፌሮች ሁሉ አስልካ በጊዜ ተኛች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ቆርቆሮው ተንጫጫ። መጀመሪያ ድመት መሰለኝ። ስወጣ ኢቲዳል ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አሸንዳው ሥር ቆማ፣ ሮቶውን በጡጫ ትመታለች። አጠገቧ ሀምዲያ ድስቶቹን ሁሉ ደርድራለች።

ዝናቡ ሲያባራ ኢቲዳል ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች።

«ይልቃል! አንድ ጣት ጎደለ። አንተ ምንም ነገር በደንብ አትጨርስም?»

እኔ ወደ ጣቢያው እየሮጥኩ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍቼ፣ ውሃውን ወደ መስፈሪያው ገልብጬ፣ ዓይኔን ከውሃው ትክክል አድርጌ አነበብኩ፤ መልሼ ሰፍሬ እንደገና አነበብኩ። 18.3 ሚሊ ሜትር ነበር።