አንድ ካርድ ለአምስት አፍ

ከጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ የደወሉልኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። "ተራሽ ደርሷል፣ ማክሰኞ ጠዋት ነይ" ሲሉኝ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ጨፈርኩ። የምሠራባት ክፍል ለአንድ ሰውና ለአንድ ወንበር እንጂ ለጭፈራ የተሠራች አይደለችም፤ ክርኔ ግድግዳውን ሲመታው ከጎኔ ባለው ክፍል ያለችው የሥራ ባልደረባዬ በመሃላችን ባለው መስተዋት በኩል አፍጥጣ አየችኝ። "ምን ሆንሽ?" አለች። "ጥርሴ!" አልኳት። ሰው ስለ ጥርሱ ሲጨፍር አይታ ስለማታውቅ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

የስልክ አስተርጓሚ ነኝ። የዚህ አገር ቋንቋ ያልገባው የአገሬ ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ፣ ቤት ሲከራይ፣ የልጁን አስተማሪ ሲያነጋግር መሃል የምትገባው ድምፅ እኔ ነኝ። የሰው ኩላሊት፣ የሰው ኪራይ፣ የሰው ፍቺ በአፌ ሲያልፍ ይውላል። የገዛ አፌ ግን ጠያቂ አጥቶ ከርሟል። ደረቅ ዳቦ ስቆረጥም የግራ መንጋጋ ጥርሴ ሙሌት ተሰብሮ ከወደቀ ወዲህ የምበላው በአንድ ጎን ብቻ ነበር። የጤና መድኅኔ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ይሸፍነኛል፣ ጥርስ ሲደርስ ግን ዘሎ ያልፋል። ጥርስ የሰውነት ክፍል መሆኑን ማን ሳይነግራቸው እንደቀረ አላውቅም። የግል ሐኪም ቤቶቹ የጠሩልኝን ዋጋ እዚህ አላነሳውም፣ ደሜ ይፈላል። ትምህርት ቤቱ ዘንድ ግን የሚያክሙት መምህር ቆሞባቸው የሚማሩ ተማሪዎች ስለሆኑ ዋጋውን እንደኔ ያለ ሰው ይችለዋል። ችግሩ ወረፋው ነበር፣ እሱም ይኸው ደረሰ!

ማክሰኞ የገባሁበት አዳራሽ በረድፍ በረድፍ ወንበር የተደረደረበት፣ በየወንበሩ አፉን የከፈተ ሰው የተጋደመበት ነው። ለእኔ የደረሰችኝ ተማሪ የዕድሜ እኩያዬ ናት፤ የሂሳብ ሥራዋን ትታ ነው ጥርስ መማር የጀመረችው። መርፌውን እንኳ የወጋችኝ ይቅርታ እየጠየቀች ነው። የተሰበረውን ጥርስ ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችና "ይድናል፣ አይነቀልም" ስትለኝ ተነስቼ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ራጅ ተነሳሁ። ሁለቱም መንጋጋዎቼ እስክሪኑ ላይ ሲዘረጉ ተማሪዋ አንድ ቦታ አጉልታ ደግማ አየች። ሐኪም ደግሞ ሲያይ አልወድም። መምህሩን ጠራቻቸው። ሽበታም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሰው ናቸው። ጠጋ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ፦ በታችኛው መንጋጋዬ አጥንት ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ሽምብራ የምታክል ነጭ ነጥብ አለች።

"ምናልባት ምንም አይደለችም" አሉ። "አንዳንድ ሰው አጥንቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠጣር ቦታ ይኖረዋል፤ ሳይጎዳው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ምናልባት ደግሞ እያደገ ያለ ነገር ነው። በአንድ ፎቶ መለየት አይቻልም። የድሮ ራጅ አለሽ?"

"ከሌለኝስ?"

"አጥንቱን ከፍተን ቁራጭ ወስደን እናስመረምራለን። ነርቩ የሚያልፈው ግን እዚያው አጠገቧ ነው። የታችኛው ከንፈርሽ ሊደነዝዝ ይችላል። ለብዙ ሰው ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም።"

ከንፈሬ! ከንፈሬ እኮ እንጀራዬ ነው። የምትለው የማይሰማ፣ ምላሷ የሚተሳሰር አስተርጓሚ ማን ይቀጥራል? "የድሮ ራጅ አለኝ" አልኩ ወዲያው። መኖሩን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ለቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ያዙልኝና "ከዚያ በፊት ካመጣሽው እናየዋለን" አሉኝ።

አገር ቤት ሳለሁ የቤታችን የጥርስ ሐኪም ዶክተር አለቀ ነበር። ስሙ አይደለም፣ እኛ ያወጣንለት ነው። ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጪ "አለቀ፣ አለቀ፣ አይዞሽ አለቀ" ማለት ይጀምራል፣ አንድም ቀን ግን ቶሎ አልቆ አያውቅም። ከአገር ከመውጣቴ በፊት እሱ ጋ ትልቁን ራጅ መነሳቴ ትዝ ይለኛል፤ አገጬን ብረት ላይ አስደግፈው ማሽኑ ራሴን ሲዞር። ያ ፊልም የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው! ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሳልርቅ ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ለእማዬ ብቻ እንዳትነግራት" አልኩት ሁሉንም ከዘረገፍኩለት በኋላ።

"ምን ቆርጦኝ!" አለ።

እኛ ቤት ክፉ ወሬ ለእናት የሚነገረው ካለፈ በኋላ ነው። ታሞ የዳነ ሰው እንጂ የታመመ ሰው እሷ ጋ አይወራም። እሷም ለእኛ እንደዚያው ናት።

በማግስቱ ወንድም ጋሼ ሄደ። ዶክተር አለቀ ጡረታ ወጥቷል፣ ክሊኒኩ ግን አለ፣ ካርድ ክፍሉም አለ! ይህን ሲነግረኝ ጮህኩ። ቀጥሎ ደግሞ "በአንቺ ስም ግን ካርድ የለም" አለኝ።

"እንዴት የለም? እዚያ ወንበር ላይ ስንቴ ነው ያለቀስኩት!"

"አስፈትሼያለሁ፣ የለም። ቢኖርም ባለቤቱ ካልመጣ ወይ ውክልና ካልላክሽ አንሰጥም ብለዋል።"

ውክልና ማለት ማኅተም፣ ማኅተም ማለት ቀጠሮ፣ ቀጠሮ ማለት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማለት ነው። ስልኩን ልወረውረው ስል ከወንድም ጋሼ ጀርባ የእማዬ ድምፅ መጣ። ለካ የሚያወራኝ እሷ ቤት ሆኖ ነው።

"ምንድን ነው የምትፈልጉት?"

"የጥርስ ካርድ ነው እማዬ፤ ለ... ለወረቀት ጉዳይ ትፈልገዋለች" አለ። ውሸት አይችልበትም።

"የእሷ ካርድማ የለም። ሁላችሁም በእኔ ካርድ አይደል እንዴ የታከማችሁት! አባታችሁም፣ አንተም፣ እህቶችህም። አንድ ቤት ሆነን ሳለ አምስት ካርድ ላወጣ ነበር?"

ሳቅኩ፣ ከዚያ ነገሩ ሲገባኝ የበለጠ ሳቅኩ። ባለቤቷ እሷ ናት! ውክልናም ማኅተምም አያስፈልግም፣ እማዬ በእግሯ ሄዳ "ካርዴን ስጡኝ" ማለት ብቻ ነው። ሄደች። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ዶሴውን ገልጦ "እማማ፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ጥርስ ነው?" ቢላት "ታዲያ የጎረቤት ነው?" ብላው ይዛ ወጣች። ወንድም ጋሼ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስቶ፣ ሁለቱን ትላልቅ ፊልሞች ደግሞ መስኮት ላይ ለጥፎ ላከልኝ።

ቀጠሮዬ ሳይደርስ ሮጬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ለሌላ ሰው ሳስተረጉም የኖርኩትን ለራሴ አፍ አስተረጎምኩ፣ ካርዱን ገጽ በገጽ። ተማሪዋ ቀስ በቀስ ግራ እየገባት መጣ።

"ይቅርታ፣ ይህቺ ሴትዮ እዚህ ጋ ይህ ጥርሷ ተነቅሏል። እዚህ ጋ ደግሞ ያው ጥርስ ተሞልቷል።"

"የተነቀለው የአባቴ ነው።"

"በጎልማሳነቷ የወተት ጥርስ ወልቆላታል?"

"እህቴ ናት።"

"ሲጋራ እንድታቆም ተመክራለች።"

"ወንድሜ! አላቆመም።"

ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። መምህሩ ሁካታውን ሰምተው መጡ፣ የአንድ ካርዱን ታሪክ ሲሰሙ እሳቸውም ተሸነፉ። ፊልሞቹን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ቆመ። ሁለቱም በአንድ ቀን የተነሱ፣ ሁለቱም ላይ የእማዬ ስም የተጻፈ ነው። አዎ፣ ያን ቀን እኔና እማዬ አብረን ነበር የሄድነው። አንደኛው ላይ ነጭዋ ነጥብ አለች፣ እዚያው ግራ በኩል። ሌላኛው ላይ የለችም።

"ነጥብ ያለበት የአንቺ ከሆነ ነጥቧ ድሮም ነበረች፣ አንነካትም" አሉ። "ንጹሑ የአንቺ ከሆነ ግን ከዚያ ወዲህ የመጣች ናት። እንከፍታለን።"

"ነጥብ ያለበት ነዋ የኔ!"

"ተስፋና ማስረጃ ይለያያሉ። ፎቶዎቹ ደብዛዛ ናቸው፣ የእናትሽና የአንቺ መንጋጋ ደግሞ በአንድ እጅ የተሠራ ነው የሚመስለው።" ከዚያ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ንጹሑን ፊልም ጠጋ ብለው አዩ። "ይሄ ላይ በላይኛው ቀኝ ብረት የለበሰ ጥርስ አለ። ያንቺ ነው?"

ያ ጥርሴ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደረጃ ላይ ወድቄ ወልቋል። ዶክተር አለቀ አፌ ውስጥ የከተተውን ብረት ሁሉ አላስታውስም። መማል አልቻልኩም። "እናትሽ አሉ?" አሉኝ። "አፋቸውን ብናየው ያልቃል።"

እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ በእማዬ ስልክ በቪዲዮ ደወልኩ። ወንድም ጋሼ አነሳና ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። የእማዬ ግንባር ታየ። ቪዲዮ ላይ ሁሌም የምትታየው ከቅንድቧ በላይ ነው፤ ስልክ አያያዝ አታውቅም እያልን ስንቀልድባት ኖረናል።

"እማዬ፣ ዝቅ አድርጊው። ሐኪሙ ጥርስሽን አንዴ ይየው።"

"ይሄ ሰውዬ ደግሞ ከእኔ አፍ ምን ጥሎት ነው? የራሱን አፍ አይጠብቅም?"

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አሉ?"

"ሰላም ብላዎታለች" አልኩ። የሥራችን የመጀመሪያው ሕግ አለመጨመርና አለመቀነስ ነው። ያን ቀን አልሠራሁበትም።

"ላይኛውን ቀኝ ብቻ እማዬ፣ ለአንድ ደቂቃ።"

"ጥርሴ ደህና ነው አልኩሽ! ለወረቀት ብላችሁ ሰው ፊት አፌን ልታስከፍቱኝ? አልከፍትም ብያለሁ፣ አልከፍትም!"

እኔም ነደደኝ። "ምን አለበት ብትከፍቺው?" ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የተጋደመው በሽተኛ ሳይቀር ቀና ብሎ አየኝ። ግንባሯ ንቅንቅ አላለም። ይሄኔ ወንድም ጋሼ አልቻለም።

"እማዬ፣ መንጋጋዋን ሊቀዷት ነው!"

"ማንን?" አለች።

"እሷን። ብረት ያለው ጥርስ ያንቺ ከሆነ ይቀርላታል።"

"መቼ ልትነግሩኝ ነበር?"

"ከዳነች በኋላ" አለ ወንድም ጋሼ።

ግንባሩ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሸሸ፣ ዓይኖቿ መጡ፣ ከዚያ አፏን የሸፈነው እጇ። እጇን አነሳችው። በጣቷ ጉንጯን ሳብ አድርጋ አፏን ከፈተች።

በአንድ በኩል ምንም አልነበረም። ባዶ ድድ ብቻ። በቀኝ በኩል ከላይ ሁለት ጥርሶች ቀርተዋል። ስንት ዓመት ሙሉ "በላሽ?" ስላት "ጠግቤ!" ስትለኝ በእነዚህ ነበር። ለማልቀስ ግን ጊዜ አላገኘሁም፣ ተማሪዋ ወንድም ጋሼን "መብራት! የስልክ መብራት!" እያለች በራሷ ቋንቋ ትጮህበታለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ እሱ የገዛ ስልኩን መብራት ያበራል። ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ብልጭ አለ።

"ብረት!" አሉ መምህሩ። "ያውና ብረቱ! ንጹሑ የእናትሽ ነው!"

ነጥብ ያለበትን ፊልም ካዲሱ ራጅ ጎን አቆሙት፣ ለኩ፣ ደግመው ለኩ። አሁን የማን መሆኑን ካወቁ በኋላ የአንዱ ጥርሴ ሥር አጎነባበስ እንኳ ቁጭ እኔን ሆኖ ታያቸው። "ቅንጣት አልተለወጠችም" አሉ። "ፊልሙን ራሱን በፖስታ ይላኩልሽ፣ ፋይልሽ ውስጥ ይግባ። ቢላዋ ግን አይነካሽም። የዛሬ ሳምንት መጥተሽ ጥርስሽን አስሞይ።"

ጮህኩ። ተማሪዋ እጇ ላይ ጓንት እንዳለ አቀፈችኝ። አጠገቤ የተጋደመው ሰውዬ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ አጨበጨበ። ወንድም ጋሼም በደስታ ሲዘል መብራቱ ጣሪያ ጣሪያውን ይሮጥ ነበር፤ "ተረፈች! ተረፈች!" ይላል ለማን እንደሚነግር ሳይታወቅ። ከንፈሬን በጣቶቼ እየነካካሁ ስስቅና ሳለቅስ ቆየሁ።

ወደ ስልኩ ስመለስ እማዬ እንዳለች ናት። ጉንጯን በጣቷ ስባ፣ አፏን እስከ ጥግ ከፍታ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት ቁጭ ብላለች። ዝጊ ያላት ሰው አልነበረም።

"እማዬ" አልኳት፣ "አበቃ። ዝጊው።"

ሳትዘጋው፣ ጣቷንም ሳታነሳ፣ በተከፈተ አፍ ተኮላተፈች።

"በደንብ አዩት? ካላዩት ልቆይላቸው፣ እኔ አልቸኩልም።"