አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን

የወተት መመርመሪያው ቀይ አበራ።

ከቀብሪበያ በሚኒባስ የመጣው የግመል ወተት ጅግጅጋ፣ ሱቄ በር ላይ ተደርድሯል። እያንዳንዷ ሴት ጀሪካኗን የምትለየው እጀታው ላይ ባሰረችው ጨርቅ ነው። አረንጓዴው የዒፍራህ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በዚያ ወተት ታሳድጋለች። ዘንድሮ ዝናብ ቀርቶ አብዛኞቹ ግመሎቿ ነጥፈውባታል። ቀይ የበራው በእሷ ወተት ላይ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ስለ ጣዕሙ እኔን አትጠይቁኝ፤ በሃይማኖቴ የግመል ወተት አልቀምስም። የማልቀምሰውን ወተት ዱቄት አድርጌ ባሕር ላሻግር የተነሳሁ ጉደኛ ነኝ። ብቻዬን ስለማልችለው ከአዲስ አበባ ኩባንያ ጋር ተጣመርኩ። እነሱ ማቀዝቀዣ ታንከርና መመርመሪያ አመጡ። ሴቶቹን ያሳመነችልኝ ደግሞ ሀምዲያ ናት። ኤዶ እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። ከእንግዲህ የሁሉም ወተት አንድ ታንከር ውስጥ ይገባል፤ የአንዷ ከተበላሸ የሁሉም ተበላሸ።

የመመርመሪያው ውጤት ወዲያው አዲስ አበባ ይደርሳል። ስልኬ ጮኸ፤ ሚሊዮን የሚባለው የኩባንያው ሰው ነው።

«ሮዚ፣ አንዱ ላይ ውሃ አለ። የማን ነው?»

ዒፍራህ የሻርፗን ጫፍ ታኝካለች።

«ስሟን ንገሪኝና ትውጣ። ዛሬ አንዷን ካለፍን ነገ ሁሉም ይቀላቅላሉ። ካልነገርሽኝ ታንከሩን ወደ ሐረር እወስደዋለሁ።»

አያደርገውም አልልም፤ ያደርገዋል። እሱ ከሄደ ሴቶቹ ተመልሰው ፀሐይ ላይ ሊቸረችሩ ነው፤ እኔም አለቀልኝ። ሀምዲያን አየኋት። ተናገሪም አትናገሪም አላለችኝም።

በ2010 ክረምት ከተማው ሲረበሽና እንደ እኔ ሶማሌ ያልሆኑት ሲጠቁ ጓዳዋ የደበቀችኝ እሷ ናት። ዱላ የያዙ ሰዎች መጥተው «ውስጥ ማን አለ?» አሏት። በርጩማዋን ደጃፉ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ ሳትነሳ «ልጄ ናት» አለቻቸው። እኔ ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

«ሮዚ! የማን ነው እኮ?»

«የእኔ ነው።»

«አንቺ ግመል የለሽም!»

«የለኝም። ጀሪካኑ ግን የእኔ ነው። ታንከሩ ውስጥ አይገባም፤ አሁኑኑ ይደፋል።»



«ነገ ራሴ እመጣለሁ። ፊትሽን እያየሁ እጠይቅሻለሁ» አለና ዘጋው።

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ዒፍራህ አንስታ ሰጠችኝ።

«ኤዶ፣ ነገ ይመጣል» አልኩ። «ፈርቻለሁ። ሁሉንም ላሳጣችሁ ነው።»

ሀምዲያ ከሱቁ ጥግ በርጩማ አነሳች። ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።

«ይምጣ» አለች።